ቀንዳሙ ሰርቨር፦ ፍሪቢኤስዲ በእኛ ቢሮ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው

ሰርቨሩን መጀመሪያ ያበራሁ ቀን አለቃችን ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። ስክሪኑ ላይ ቀይ ኳስ ብቅ አለች። ሁለት ቀንድ አላት። ትንሽ ዝም አሉና «አንተ ልጅ፣ ይቺ ቀንዳም ምንድን ናት?» አሉኝ። የፍሪቢኤስዲ አርማ ናት፣ ሰርቨሩ የሚሠራበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው አልኳቸው። «የምን ሲስተም ነው ቀንድ ያለው?» የባሰ እንዳይመጣ ብዬ የድሮዋን ምልክታቸውን፣ ሹካ የያዘችውን ቀይ ሰይጣን፣ አላሳየኋቸውም። ዲመን ማለት በኮምፒውተር ሰው አፍ ከጀርባ ሆኖ ሳይታይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ቃሉም ከግሪክ የመጣ ነው፣ ከእኛ ሰይጣን ጋር አይተዋወቁም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አልተዋጠላቸውም። በማግስቱ ስገባ ሰርቨሩ ያለበት ቁም ሣጥን በር ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፏል። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሥዕሉም አለ፣ ሰርቨሩም ይሠራል። ውለታው የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

ከመጀመሬ በፊት የማወራው ከየት ሆኜ እንደሆነ ልንገራችሁ። ቢሮአችን ትንሽ ነው። አሥራ አራት ሰው ነን፣ የጽሕፈት ዕቃና የማተሚያ ቀለም እናስመጣለን። ሰርቨሩ ፋይል ያጋራል፣ ባክአፕ ይይዛል፣ ፋየርዎል ሆኖ ኢንተርኔቱን ይጠብቃል፣ መጋዘን ያለውን ዕቃ የምንቆጥርባትን አንዲት የውስጥ ድረ-ገጽ ያስነሳል። በቃ። የባንክ ዳታ ሴንተር የምታስተዳድሩ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም።

ከዚህ በፊት የነበረን አንድ ድርጅት ያመጣልን ዝግ ሳጥን ነው። ስሙን አልጠራም። ቆንጆ ሰማያዊ መብራት ነበረችው። አንድ ሰኞ መብራቷ ጠፋች። ዲስኮቹ ደህና ናቸው፣ የሞተው ሳጥኑ ነው። ዲስኮቹን አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካ ባዶ ይመስላሉ፣ ምክንያቱም የተጻፉት ያ ሳጥን ብቻ በሚያውቀው መንገድ ነው። ሻጮቹ ጋ ስደውል ያ ሞዴል መመረት አቁሟል፣ አዲሱን ግዙና እናያለን አሉኝ። የራሳችንን ደረሰኝ ለማንበብ ሦስት ሳምንት ለመንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ይሄ ዕቃ ነገ ቢሞት፣ ወይም ሻጩ ቢጠፋ፣ ወይም እኔ ብሄድ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ሊያነሳው ይችላል ወይ?

ስታንዳርድ የሚባለው ነገር ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው። ቀጭኗን የኖኪያ ቻርጀር የሚያስታውስ አለ? ካፌ ገብተህ «ቀጭኗ ፒን አለቻችሁ?» ስትል ወፍራሟ ብቻ አለች ይሉሃል፣ ስልክህ ይዘጋል። በኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓለምም ድሮ እንደዚያ ነበር፣ ዩኒክስ የሚባለውን ሲስተም እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ መንገድ ይሠራው ስለነበር የአንዱ ዩኒክስ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም የሌላው ላይ እምቢ ይላል። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በፈረንጆቹ 1988 ፖዚክስ የሚባለውን ስታንዳርድ ያወጣው ለዚህ ነው። ስሙን ያወጣለት የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ፕሮግራም ከሲስተሙ ጋር እንዴት ይነጋገራል፣ ሼሉ፣ ማለትም የምትጽፈውን ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ምን ይረዳል፣ መሠረታዊ ትዕዛዞቹ ምን ይሠራሉ፣ እሱን ነው የሚደነግገው።

ፍሪቢኤስዲ ይህንን በአብዛኛው የሚከተል ነው። «ዩኒክስ» የሚለውን ስም በይፋ መጠቀም ግን አይችልም፤ ስሙ ኦፕን ግሩፕ የሚባል ድርጅት ንብረት ነው፣ ምስክር ወረቀቱም በገንዘብ ነው። የአፕሉ ማክኦኤስ ወረቀቱ አለው። የሚገርመው ማክኦኤስ ራሱ ከፍሪቢኤስዲ ብዙ ኮድ ወስዷል። በዘር ከሄድን ፍሪቢኤስዲ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚወለደው፣ የመጀመሪያው ቁጥር በ1993 መጨረሻ ወጣ፣ የኤቲ ኤንድ ቲ፣ የዩኒክስ ፈጣሪው ድርጅት፣ ኮድ ነው ይሄ የሚል የፍርድ ቤት ጣጣ ግን ከ1992 ጀምሮ ነበር፣ ጉዳዩ በ1994 በስምምነት አለቀና ሰዎቹ ንጹሑን ኮድ ይዘው እንደገና ሠሩት። ለእኔ ወረቀቱ ግድ አይሰጠኝም። የልጅ ልጅ መሆኑ ይበቃል።

ስታንዳርድ ስል ግን እኔም መጀመሪያ ላይ አጉል ተማምኜ ነበር። ሊኑክስ በሚባለው ሌላው ነጻ ሲስተም ላይ ዓመታት የሠራሁበትን የባክአፕ ስክሪፕት፣ የትዕዛዞች ዝርዝር ማለት ነው፣ ገልብጬ አስነሳሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው መስመር ባሽን፣ ሊኑክስ ላይ የተለመደውን ሼል፣ ይጠራል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ባሽ አብሮ አይመጣም፣ ብትጭነውም የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። እሱን አስተካከልኩ። ሁለተኛ፣ «ዴት» የሚለውን ትዕዛዝ የትናንትን ቀን ስጠኝ ስለው ስድብ የሚመስል መልስ መለሰልኝ። ለካ የሊኑክሱ አጠያየቅ ሌላ ነው፣ የቢኤስዲው ሌላ ነው፣ ስታንዳርዱ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሉም! ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ ነው ብዬ የያዝኩት የአንድ ሠፈር ልማድ ነበር ማለት ነው። ተቀመጥኩና ስክሪፕቱን ስታንዳርዱ በሚያውቀው ተራ ሼል፣ በኤስኤች፣ እንደገና ጻፍኩት፣ ያረጀ ባክአፕ ለመሰረዝ የሚያስፈልገውን የቀን ቆጠራ «ፋይንድ» ለሚባለው ፋይል ፈላጊ ትዕዛዝ ተውኩለት። አሁን ያው ስክሪፕት ሰርቨሩም ላይ፣ መጋዘን ያለችው የሊኑክስ ማሽን ላይም፣ ማክ ላፕቶፔ ላይም አንድ ፊደል ሳይነካ ይሠራል። አንድ ቅዳሜ በላብኝ። አልቆጨኝም።

መጫኑ ቀላል ነው፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትመልሳለህ፣ ያልቃል። መስኮት የለ፣ ማውስ የለ። ጥቁር ስክሪን ነው። የወደድኩት ቅንብሩ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ ምን ምን ይነሳ የሚለው በአብዛኛው አንዲት ፋይል ውስጥ ነው ያለው፣ አርሲ ኮንፍ ትባላለች፣ የእኛዋ በአንድ ገጽ ትታተማለች። አትሜ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ለጥፌአታለሁ፣ ከሚካኤል ጀርባ። ሌላው ደግሞ ሲስተሙ ራሱና አንተ የጨመርከው ፕሮግራም አይቀላቀሉም። የአንተ ሁሉ ለብቻው አንድ ፎልደር ሥር ይቀመጣል። ቤት የተከራየ ሰው ዕቃውን ለይቶ እንደሚያውቅ ማለት ነው፣ ስትወጣ የአከራዩን መጋረጃ አትወስድም። ሀንድቡክ የሚሉት መመሪያቸው ደግሞ የምር መጽሐፍ ነው፣ በነጻ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ማሽኑ ውስጥ ያሉት የ«ማን» ገጾች (ማኑዋል ለማለት ነው) በምሳሌ የተሞሉ ናቸው። ይሄን ልብ በሉት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጋሼን ያሳመንኳቸው በዋትሳፕ ነው። ዱባይ ካለው አቅራቢያቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ድምፅ ይላላካሉ። ዋትሳፕ በ2012 አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ግንኙነት እንደሚያስተናግድ ሲያሳውቅ ሲስተሙ ፍሪቢኤስዲ ነበር አልኳቸው። «ታዲያ እንደዚያ አትልም!» አሉ። ፌስቡክ ከገዛው በኋላ ወደ ሊኑክስ እንደሄደ አልነገርኳቸውም። ኔትፍሊክስ ፊልሞቹን ከፍሪቢኤስዲ ሰርቨሮች እንደሚያከፋፍል፣ የፕሌይስቴሽን 4 ሲስተምም ከዚሁ እንደተቀዳ ነግሬአቸው ነበር፣ እሱ ግን አላስደነቃቸውም።

አሁን ወደ ዋናው። ዜድኤፍኤስ። ይህንን ሲስተም ለመምረጥ አንድ ምክንያት ብቻ ስጥ ብባል ይሄ ነው። ፋይል የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባል የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ተወልዶ በ2008 ፍሪቢኤስዲ 7 ላይ ገባ። አሮጌውን ዳታ አይደመስስም፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው የሚያዞረው። ስለዚህ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ሥርዓት ይዘህ አትቀርም። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አለ ስትለው ይሄዳል፣ ሄደ ስትለው መጥቶ ዩፒኤሱን ያስጮኸዋል። የዩፒኤሱ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ነት የሚባለው ፕሮግራም ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ዩፒኤሱ ራሱ ቀድሞ ሞቶ ሰርቨሩ ድንገት ጠፍቷል። ሲመለስ ተነሳ፣ ሥራ ጀመረ። በድሮው ቤታችን እንዲህ ሲሆን ዲስክ ቼክ እየተባለ እስከ ምሳ እንቀመጥ ነበር።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ሂሳብ ክፍል ያለችው እህታችን በሩን ከፍታ «ወንድሜ፣ ኤክሴሎቼ እምቢ አሉኝ» አለች። ሄጄ አየሁ። የጋራው ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች አንድ በአንድ ጅራት እያበቀሉ ነው። ስማቸው መጨረሻ ላይ የማላውቀው ነገር ይቀጠላል፣ ስትከፍተው ቆሻሻ። ዓይኔ እያየ። አንድ ደንበኛ ሎጎ ይዞበት የመጣ ፍላሽ ተሰክቷል። ፍላሹን አልነካሁም፣ ሮጬ የኔትወርኩን ገመድ ነው የነቀልኩት። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ከዚያ ሰርቨሩ ጋ ተቀምጬ የስናፕሾቶቹን ዝርዝር አወጣሁ። በሥራ ሰዓት በየ15 ደቂቃው ፎልደሩን እንዳለ ፎቶ እንዲያነሳው አድርጌ ነበር፣ ቦታ የሚበላው ደግሞ የተለወጠው ብቻ ነው። የ9 ሰዓቱ ንጹሕ ነው። የ9 ከሩቡ ተበክሏል። ስናፕሾት ሊጻፍበት አይችልም፣ ቫይረሱ በእሷ ኮምፒውተር ሆኖ በእሷ ስም የሚሠራ ስለሆነ ሊሰርዘውም ሥልጣን የለው። የ9 ሰዓቱን መለስኩት። ትዕዛዙ ራሱ ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጀው። የእሷን ኮምፒውተር አጽድቶ እንደገና መጫን ግን እስከ ማታ ወሰደ። የጠፋብን አንዲት ፕሮፎርማ ናት፣ እሷንም በማግስቱ ጠዋት እንደገና ጻፈቻት።

ከዚያ ወዲህ ስናፕሾቶቹን ዊንዶውሱ ላይ በቀኝ ቁልፍ እንዲታዩ ሳምባ በሚባለው፣ ፋይል ለዊንዶውስ በሚያጋራው ፕሮግራም በኩል አገናኘኋቸው። አሁን ፋይል የሰረዘ ሰው እኔን አይጠራም፣ ራሱ የትናንቱን ያወጣል። ስናፕሾት ግን ባክአፕ አይደለም፣ ሰርቨሩ ቢሰረቅ አብሮ ነው የሚሰረቀው። ለዚያ በየሌሊቱ የተለወጠው ብቻ ወደ መጋዘኑ ማሽን ይላካል። ያቺ ማሽን ሊኑክስ ናት አላልኳችሁም? ከፍሪቢኤስዲ ቁጥር 13 ወዲህ የሁለቱ ሲስተሞች ዜድኤፍኤስ ከአንድ ኮድ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ለሙከራ ሰርቨሩ ላይ አንድ ዓይነት ዳታ ከሚይዙት ጥንድ ዲስኮች አንዱን ነቅዬ ሊኑክስ ላይ ሰካሁት። ተነበበ። ያ ሳጥን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። በነገራችን ላይ ዜድኤፍኤስን ማንም ስታንዳርድ አላለውም፣ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ነው። ግን እኔ የፈለግኩትን ሠርቷል።

አማርኛ ላይ አንድ ጣጣ ገጠመን፣ ጣጣው ራሱ ደግሞ ከስታንዳርዱ የመጣ ነው። ጸሐፊያችን ደብዳቤ ስታስቀምጥ «ጉዳዩ» ብላ የጻፈችውን ሙሉውን መስመር ነው የፋይሉ ስም የምታደርገው። ዴስክቶፗ ላይ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ላይ ስትጥለው እምቢ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ አይሄድም። ሁለት ቀን ኔትወርኩን ስጠረጥር ከርሜ ነው የገባኝ። ፖዚክስ የፋይል ስም የሚለካው በባይት ነው፣ በፊደል አይደለም። የእኛ ጣሪያ 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት አሠራር፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ባይት ይወስዳል። አካፍሉት፣ 85 ፊደል። ፈረንጁ 255 ሆሄ ሲጽፍ እኛ 85 ላይ ግድግዳ! ስታንዳርዱ በግዴታ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ ደግሞ 14 ባይት ነው፣ «ደብዳቤ12» ብለህ ፋይል ስትሰይም ሞላ። ለጸሐፊዋ ነገርኳት። «እና ጉዳዩን ላሳጥር?» አለችኝ፣ በጣም ቅር ብሏት።

ሰዓቱም አንድ ቀን አሳፍሮናል። ጋሼ ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን አሉ። እኔ ለተለማማጁ ልጅ አስተላለፍኩ። ልጁ ክሮን ላይ፣ ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው፣ 8 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ 8 ሲባል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት። ሁሉም ሰው ገብቶ ኮምፒውተሩን በሚከፍትበት ሰዓት ባክአፑ ተነስቶ ኔትወርኩን ጥርቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚዘገየው ኢንተርኔቱ ነው ብለን ኢንተርኔቱን ስናማ ነበር።

የማይወደድ ነገርማ አለው። ማዘርቦርዱ ላይ የነበረችው የኔትወርክ ካርድ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ትጠፋ ነበር፣ ሊኑክስ ላይ ያው ካርድ ደህና ነው። ያገለገለች ሌላ ካርድ ገዝቼ ነው የተገላገልኩት። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሲስተሙ የሚቀበላቸውን ዕቃዎች ዝርዝር እዩ። ዶከር፣ ፕሮግራምን በየሳጥኑ ለይቶ የሚያስነሳውን መሣሪያ፣ የለመደ ሰው ይናደዳል፣ በቀጥታ አይሠራም፣ ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት አለብህ። በምትኩ ጄይል አለ፣ እስር ቤት ማለት ነው፣ ከ2000 ጀምሮ ያለ ነገር። የዕቃ ቆጠራ ድረ-ገጻችን እስረኛ ነው፣ ቢጠለፍም ከክፍሉ አይወጣም። የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ዊንዶውስ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሂሳቡ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ቀረ፣ ባክአፑን ብቻ ማታ ማታ ወደ ሰርቨሩ እንገለብጣለን። ማሻሻያም ይበዛል። አሁን ያለንበት 14ኛው በፈረንጆቹ ኅዳር 2023 ወጥቶ እስከ ኅዳር 2028 ድጋፍ አለው፣ ግን መሀል ላይ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እየተከተልክ መሄድ አለብህ፣ ተኝተህ አምስት ዓመት አትከርምም። ሰው ማግኘቱም ይከብዳል። ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ ሞልቷል፣ ቅጥር ላይ «ፍሪቢኤስዲ» ስል ግን ፊቴን ነው የሚያዩኝ።

ዋጋውን ጠይቁኝ እንዳትሉ፣ ሲስተሙ ነጻ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ይሸጣል፣ በዚያ ላይ ለሚገባበት ሰው ወይም ማሽን ሁሉ ፈቃድ ይጨመራል፣ ሁሉም በዶላር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲዘል ጋሼ ቁም ሣጥኑን አልፈው ሲሄዱ በፍቅር ዓይን ነው ያዩት። የእኛ ወጪ ያገለገለ ማሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ሁለት ባለ 4 ቴራ ዲስክ ነው። ራሙን አትቆጥቡ፣ ዜድኤፍኤስ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። የእኔ ጊዜ ግን ነጻ አልነበረም፣ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ቅዳሜን አላውቀውም። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በኔትወርክ ካርዷ ነው።

ጋሼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነበር። «አንተ ብትሄድስ?» ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ወጣሁ። ኔትወርክ አስር ደቂቃ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ይጠፋል። ቅዳሜ ስዑር ጠዋት ኮረብታው ላይ ስወጣ ስልኬ ተንጫጫ። ከሰርቨሩ ሁለት መልእክት አለ፣ አንደኛው ዲስክ ሞቷል፣ ጥንዱ ብቻውን እየሠራ ነው ይላል። ዓርብ ማታ የተላከ ነው። ወዲያው ለተለማማጁ ልጅ ደወልኩ፣ ያው ክሮን ላይ 8 ብሎ የጻፈው። ምን ማድረግ እንዳለበት መስመር በመስመር ልነግረው ትዕዛዞቹን በቃሌ እየደረደርኩ።

«አይ ወንድም፣ ጨረስኩ እኮ» አለኝ። ኢንተርኔቱ አልነበረም፣ «ማን» ገጹን ከፍቶ መጨረሻ ላይ ያሉትን ምሳሌዎች አነበበ፣ ከመሳቢያው መጠባበቂያውን ዲስክ አወጣ፣ ቀየረ። ሰርቨሩ እየገለበጠ ነው፣ ሰባ በመቶ ደርሷል። ሌላ ጥያቄ ግን ነበረው። በሩን ሲከፍት የሚካኤል ሥዕል ተቀዶበታል። በምን ይለጥፈው?